የላሚቱ ተራራ ሸረሪቶች

አባቴ ደረት ውስጥ ሸረሪት መኖሩን ያወቅኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። የነገረኝ ሰው የለም። ከሳንቃው ግድግዳ ወዲህ ተጋድሜ፣ ትልልቆቹ የሚጥሉትን ቃል እየለቃቀምኩ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ቤታችን በላሚቱ ተራራ ሥር ከተደረደሩት የሠራተኞች ቤቶች ከጫፍ ሦስተኛው ነበር። ተራራው ከኢፖህ ከተማ በኩል ለሚመጣ ሰው የተኛች ላም ይመስላል፤ ራስ አላት፣ ሻኛ አላት፣ ወገቧ ይታያል። ጭራዋን ግን አላየሁትም፤ እኔ ሳልወለድ የድንጋይ ካባው በልቶ ጨርሶታል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ታፋዋ ላይ ደርሰው ነበር። ቀትር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፤ እማዬ የሩዙን ድስት ክዳን በመዳፏ ትጫናለች፤ ከዚያ መሬቱ አንዴ ዘለል ይላል። ቀጥሎ ነጩ ብናኝ ይመጣል፤ የተሰጣው ልብስ ላይ፣ የፓፓያው ቅጠል ላይ፣ የሰው ቅንድብ ላይ ይተኛል። ዶሮዎቻችን ቀይ መሆናቸው የሚታወቀው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነበር።

አባዬ፣ ካቲርቬሉ፣ በዚያ ካባ አሥራ ስድስት ዓመት ድንጋይ በስቷል። ድማሚት የሚገባበትን ቀዳዳ የሚበሱት እሱና ባልደረቦቹ ነበሩ። በዚያ ዓመት “ትንሽ ዕረፍ” ተብሎ ቤት ዋለ። ዕረፍቱ ግን ዕረፍት አልነበረም። ሳሉ ከሆዱ ሥር ይነሳና ጠጠር እንደጫነ መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምንም ይዞ አይወጣም።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዞ መጣ። አጎቴ ታንጋራጁ እኛ ቤት ነበር። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ካባው ውስጥ ድማሚት ከሚያቀብሉት አንዱ፣ ቀልድ ካላወራ የሚያመው። ጥቁሩን ፊልም ከፖስታው ስቦ መስኮቱ ላይ ዘረጋው።

“ኧረ ጋሼ! ደረትህ ላይ እኮ ሸረሪት አድርቶበታል!”

ማንም አልሳቀም። እኔ በክንዱ ሥር ሾልኬ አየሁ። እውነቱን ነበር። ከጎድን አጥንት እስከ ጎድን አጥንት ነጫጭ ክር ተወጥሯል።

አሁን ራጅ አንሺ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደረት አንስቻለሁ፤ ያንን ዓይነት ነጭ ክርም ከቁጥር በላይ አይቻለሁ። ብናኝ የተወው ጠባሳ ነው። በዚያን ቀን ይህንን ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ማን ያስረዳል? ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የአባቷን ደረት ማን ቁጭ ብሎ ይተነትናል?

በዚያው ሰሞን ዶክተሯ መጣች። ዮክ ላን ትባላለች፤ ቀጭን ቻይና፣ የወንድ ሱሪ ለባሽ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። በሳምንት ሦስት ቀን ከከተማ በአውቶቡስ ትመጣና ከአባዬ ጋር ወደ ተራራው ትወጣለች።

“እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?”

“ዶክተር ናት።”

“ምን ልታክም ነው?”

እማዬ የደረቀ ዓሣ እየጠበሰች ነበር፤ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባታል። “ሸረሪት ነው የምታየው እሷ። ሂጂ ወደዚያ፣ ዘይት ይፈናጠርብሻል።”

በቃ፣ ገባኝ። የጥርስ ሐኪም አለ፣ የዓይን ሐኪም አለ፤ ይቺ ደግሞ የሸረሪት ሐኪም ናት።

አንድ ቅዳሜ አባዬ እኔንም ይዞኝ ወጣ። ዋሻው ላሚቱ ራስ ላይ ነው፤ “አፍንጫዋ” እንለዋለን። አፉ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ፊቴን መታኝ፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል፤ እንደ ቆየ ኮምጣጤ አፍንጫ ይወጋል። ብርሃኑ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በግራ ያለው ግድግዳ ላይ አባዬ ባትሪውን አበራ።

“የታሉ?” አልኩት። ጭቃና ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ።

“ዝም ብለሽ እዪ።” ሰንበሌጥ አንስቶ ግድግዳው ላይ የማይታይ የሚመስል ክር ነካ አደረገ። ጣት የምታህል የጭቃ ክዳን ተስፈንጥራ ተከፈተችና ቡናማ ሸረሪት ወጥታ ሰንበሌጡን ያዘች። የውሸት መሆኑ ሲገባት ለቀቀች፤ ወደ ኋላዋ ገብታ በሯን ዘጋች። አባዬ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ከርሞ ነበር። በየበሩ አጠገብ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ቁጥሩ የአባዬ የእጅ ጽሕፈት ነው።

ዶክተሯ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። “ሆዷ ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተደራረበውን አየሽው? ሌሎች ሸረሪቶች ይህን ከተዉት እልፍ ዘመን ሆኗል። የዚህ ዓይነቶቹ በዓለም ላይ ያሉት እዚህ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። አርባ ሦስት ናቸው። ሌላ የትም ፈልገን አላገኘንም።”

“እነዚህ ቢሞቱስ?”

“አለቁ ማለት ነዋ። በቃ።”

አባዬ በዚህ መሐል ሳሉ ተነሳበትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጀርባውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። እኔ ቁጥሯን በልቤ ያዝኩ፤ አርባ ሦስት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። በሳንቃው ስንጥቅ የሚመጣልኝ ድምፅ ሁሌ የእማዬ ነው።

“ቧንቧ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ባልሽ በሸረሪት ሰበብ የባሎቻችንን እንጀራ ሊዘጋ ነው ይሉኛል። የት ልግባ?”

“ማክሰኞ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ያያሉ። ካዩ ካባው በዚያ በኩል አይቀጥልም።”

“ታንጋስ? የገዛ ወንድሜ ምን ሊበላ ነው?”

“ታንጋራጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የኔን ደረት እንዲወርስ ነው የምትፈልጊው?”

“እሱ ጤነኛ ነው!”

“እኔም ሃያ አራት ዓመት ሆኖኝ ያውቃል፣ ራሳማ።”

እማዬ በለቅሶ ድምፅ “ይሄ የሸረሪት ነገር ሊገድልህ ነው” አለች።

በሰሌኑ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ሸረሪቶቹ ከአባዬ ደረት ወጥተው ወደ አጎቴ ሊገቡ ነው። እማዬም ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል፤ የሚያደርግ ግን ጠፋ።

መድኃኒቱን የሰማሁት ሻይ ቤት ነው። ለአባዬ ሻይ በቆርቆሮ ላስቀዳ ሄጄ፣ አጎቴ በሰው ተከቦ አገኘሁት።

“ካቦው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?” ይላል። “ተራራው ለሸረሪት ሊሰጥ ነው አለ። ከእንግዲህ ደሞዝተኛው እሱ ነው። የሥራ ጫማ እንኳ ስምንት ስምንት ሊታደለው ነው!”

ሰዉ ተንጫጫ። አንዱ “የእህትህ ባል ነው አይደል ሸረሪት ጠባቂው?” ብሎ ወጋ አደረገው።

የአጎቴ ፊት ትንሽ ቀላ። “ጋሼን ተዉት፣ አሟል” አለ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን መለሰ። “እኔ እንደሆነ አንድ ጠርሙስ ላምባ ብቻ ስጡኝ። በአንድ ከሰዓት እጨርሳቸዋለሁ!”

አንድ ጠርሙስ ላምባ። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ዶክተር፣ ላምባ ትዝ አላለውም ነበር። በዓለም ያሉት እነዚያ አርባ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ፣ እነሱ ሲያልቁ አባዬ ደረት ውስጥ ያለውም ያልቃል።

እሑድ ከተማ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደሳችን በዓል ሆነ። ካባው ተዘጋ፤ ሰፈሩ በሙሉ ከነልጁ ወደ ከተማ ሄደ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። እንድትጠብቀኝ የተባለችው ጎረቤታችን ራዲዮ ከፍታ ወዲያው አንቀላፋች። የምድጃውን ላምባ በጠርሙስ ቀዳሁ፤ የአባዬን ባትሪ ያዝኩ፤ መንገዱ አልቅት ስላለበት ነጩን የትምህርት ቤት ሸራ ጫማዬን አደረግኩ።

ከቁጥር አንድ ጀመርኩ። ክዳኗን በእንጨት ፈልቅቄ አፈሰስኩባት። ወጣች፤ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደች፤ ከዚያ እግሮቿን ሁሉ ወደ ውስጥ አጠፈች፣ እጅ ሲጨበጥ እንደሚሆነው። ሁለት። ሦስት። ስድስተኛዋ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። ማልቀሴን ግን ከላምባው ሽታ ቆጠርኩት። ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ አስፈሪም አልነበረም። አድካሚ ነበር። ክንዴ ዛለ፣ ጭንቅላቴ ዞረ፤ ቁጥሮቹ አያልቁም። ሃያ ስምንተኛዋ ጋ ስደርስ ላምባው አለቀ። የቀሩትን በጫማዬ መታሁ። ከፍ ብለው ለነበሩት ድንጋይ አንከባልዬ ወጣሁበት። አርባ ሦስተኛዋ ከደረስኩባት በኋላ ቁጭ ብዬ ትንሽ አረፍኩ። “ጨርሻለሁ አባዬ” አልኩ፤ ዋሻው ቃሌን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይዞት ሄደ።

ጠርሙሱን ገደል ጣልኩት። ጫማዬን አጥቤ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ማታ እማዬ ከበዓሉ ሙዝና ጣፋጭ ሩዝ አመጣችልኝ፤ በላሁ፤ እንቅልፌንም ተኛሁ።

በማግስቱ አባዬና ዶክተሯ ወጡና ገና ፀሐይ ሳይጠነክር ተመለሱ። ዶክተሯ ደረጃችን ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። ሐኪም በሽተኛው ሲድንለት በደስታ የሚያለቅስ መሰለኝ። ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን አባዬ መሬት መሬት እያየ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው በሩን ከቦ ነበር፤ ሽታው ልብሳቸው ላይ ስለነበር ነገሩ ለማንም አልጠፋውም።

“ላምባ!” አለ አንዱ። “ታንጋራጁ፣ አንተ አይደለህም እንዴ ላምባ ስጡኝ ያልከው?”

አጎቴ ዙሪያውን አየ፤ ለመሳቅ ሞከረ። “ቀልዴን ነው እኮ! እናቴ ትሙት ቀልዴን ነው! እኔ ትናንት ቤተ መቅደስ ነበርኩ።”

“ከሰዓት ግን አላየንህም” አለ ሌላው።

“ጠጥቼ ተኝቼ ነበር!” ወደ አባዬ ዞረ። “ጋሼ፣ አንተ ታውቀኛለህ። እኔ ይሄን አደርጋለሁ? ንገራቸው እንጂ!”

አባዬ ቀና ሲል በሩ ላይ ቆሜ አየኝ። ፊቴን አልነበረም ያየው፤ እግሬን ነው። በነጭ ቀለም የተቀባ ንጹሕ ጫማዬን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ንጽሕና ስለሚወድ ደስ ያለው መሰለኝ።

“ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ እንዳትደርስ” አለ ለአጎቴ።

እማዬም ወንድሟን በሩ ላይ እንደቆመ ትታው ገባች። ባሏን አመነች።

ማክሰኞ የመንግሥቱ ሰዎች መጡ፤ ዋሻው አፍ ላይ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሄዱ። አጎቴ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ሸረሪቶቹን ያልወደደ ሰፈር ሁሉ እሱንም አልወደደውም፤ ዘመዱን የሸጠ ሰው ይሉት ጀመር። የቆርቆሮ ሳጥኑን ይዞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ አገኘሁት።

“ፑንጎዲ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?”

“አዎ” አልኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው በርግጠኝነት የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልቤ ስላዘነለት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ “አይዞህ፣ አባዬ ይድናል” አልኩት። ራሴን ዳበሰኝና ተሳፈረ።

ቀጥሎ ዝናብ ገባ። ብናኙ ተኛ፤ የአባዬም ሳል ለጥቂት ሳምንት ቀለል አለው። እንዴት እንደኮራሁ! ሰው ፊት ስሄድ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር። በሦስተኛው ወር የላሚቱን ራስ አፈነዱት። በዓመቱ አባዬ ሞተ። “እዚህ ላይ ተቀምጦብኛል” እያለ ደረቱን በጣቱ ሲያሳየን፣ አንዷ ያመለጠችኝ መሰለኝ። ግድግዳውን በሐሳቤ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ከቀብሩ በኋላም እቆጥር ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አንድ መምህራችን ስለ ካባ ሠራተኞች ሳንባ አስተማረን። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳንባ ሣለች፤ በጠመኔ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አደረገችበት። እጄን አውጥቼ ውጭ ለመውጣት ጠየቅኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ፣ አጎቴም ጭምር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። በሃያ ዓመቴም፣ በሠላሳም ነበረብኝ። ሸክም ሲቆይ ይለመዳል ይባላል፤ አይለመድም፤ ሰው ብቻ ይጎብጣል። እማዬን ስጦር፣ ልጅ ሳሳድግ፣ የሰው ደረት ሳነሳ፣ ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል።

እማዬ ዘንድሮ አረፈች። ለቀብሩ ዶክተር ዮክ ላን መጣች፤ አሁን ሽበታም፣ በከዘራ የምትሄድ። በየዓመቱ ብርቱካን መላክ አቋርጣ አታውቅም። እንግዳው ሲበታተን ድንኳኑ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥንና ነገርኳት። አርባ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር ከአፌ ሲወጣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አልደነገጠችም። “በዚያን ቀን አባትሽ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር” አለች። “ስደርስበት መሬቱን በእግሩ ሲጠርግ አገኘሁት። እያለቀሰ ይጠርጋል። ምን እያደረግክ ነው ስለው ምንም አለኝ። አንድ ዱካ አምልጦት ነበር። ትንሽ ናት፣ የሸራ ጫማ።”

“አየሽው?”

“አየሁት። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ሰጥተሽ ሸረሪት አይመለስም።” ቆይታ ደግሞ “የካባው ፈቃድ ቀድሞ የተፈረመ ይመስለኛል፣ ያው ይሆን ነበር” አለች። ለማጽናናት ይሁን እውነቷን አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

አባዬ አጎቴን ይወደው ነበር። ደረቱን እንዳይወርስ ሰፈሩን ሁሉ የተጣላው ለእሱ ሲል ነው። ሁለታችንን በሚዛን አስቀምጦ እኔን መረጠ፤ ለዚያውም ቆሞ፣ በአንድ እስትንፋስ ውስጥ።

አጎቴን ክላንግ የሚባል ከተማ አገኘሁት፤ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆኗል። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ሳል የማያውቀው። የጎማውን ካሜራ ዳሪ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ካሜራ ዳሪው ውኃው ውስጥ እንደተነከረ እጁ ቆመ።

“ስንት ዓመትሽ ነበር?”

“ዘጠኝ።”

“አሁንስ?”

“ሃምሳ አንድ።”

“ከዘጠኝ ዓመቷ ጋር ምንም የለኝም” አለ። “ከሃምሳ አንድ ዓመቷ ጋር ግን ጠብ አለኝ።” እጁን በጨርቅ ጠረገ። “እህቴስ? ደህና ናት?”

መሞቷን ነገርኩት።

“ሳታውቅ?”

“ሳታውቅ።”

መንገዱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። “ሂጂ አሁን። ነገ ተመለሽ። ዛሬ መናደድ እፈልጋለሁ፤ አንቺን እያየሁ አልችልም፤ ቁርጥ እሷን ነው የምትመስዪው።”

ማረፊያ ይዤ አደርኩና በማግስቱ ሄድኩ። ከሩቅ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘ። “ገና ነኝ!” አለኝ። ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጎማዎቹ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ወጥቶ ነበር። ተቀመጥኩ። አንድ የሞተር ብስክሌት ጎማ ሠርቶ ጨረሰ፤ ሌላ ጀመረ።

“መጨረሻ ላይ” አለ ሳያየኝ፤ “እህቴ ስሜን አንስታ ታውቃለች?”

አዎ ማለት ይቻል ነበር። የሚሰማን አልነበረም፤ ማንም አይጎዳበትም፤ ሽማግሌው ደስ ብሎት ይተኛል።

“አላነሳችም” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ዝግ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ ጎማውን በጉልበቱ ወደ እኔ ገፋው።

“በዚያ በኩል ያዢልኝ” አለ።

ያዝኩለት።